የሸክላው ዱቤ፦ የባለ 45 ዙር ነጠላ ሸክላ ኅትመትና ሥርጭት በአሜሪካ፣ ከ1949 እስከ 1966



ርእሱን ሰምታችሁ ስለ ሙዚቃ እናዳምጣለን ብላችሁ የመጣችሁ ትኖራላችሁ። ዘፈንና ዘፋኝ መጥቀሴ ባይቀርም፣ አብዛኛውን ሰዓት የምወስደው ስለ ኒኬል፣ ስለ እንፋሎት፣ ስለ ጭነት መኪናና በጊዜው ስላልተከፈለ ዕዳ ለመናገር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላሳስብ።

መነሻዬ አንድ የታወቀ ሽያጭ ነው። በኖቬምበር 1955 በሜምፊስ ከተማ የሰን ሬከርድስ ባለቤት የነበረው ሳም ፊሊፕስ የኤልቪስ ፕሪስሊን ውል ለአርሲኤ ቪክተር በ35,000 ዶላር ሸጠ። አርሲኤ ከዚህ ሌላ ሰን ለዘፋኙ ሳይከፍል የቆየውን የ5,000 ዶላር ድርሻ ጨምሮ ከፈለ። ጥቂት ወራት ሳያልፉ ፕሪስሊ በመላው አሜሪካ ስሙ የሚጠራ ሰው ሆነ። ስለዚህም በሕዝብ ዘንድ በሚነበቡት የሙዚቃ ታሪኮች ውስጥ ፊሊፕስ ብኵርናውን በምስር ወጥ እንደሸጠው እንደ ኤሳው ተደርጎ ሲሣል ኖሯል። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ፊሊፕስ ምን እንደሸጠና ለምን እንደሸጠ ለመረዳት ዘፈኖቹን ማዳመጥ አይበቃም። አንድ ሸክላ ከመቅረጫው ማሽን ተነሥቶ እስከ ሱቅ መደርደሪያ የሚሄድበትን መንገድ፣ በተለይም ገንዘቡ ከሱቁ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚመለስበትን ረጅም መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ቃላትን በማስተካከል ልጀምር። አማርኛ እዚህ ላይ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ መሣሪያ ይሰጠናል። «አሳታሚ» ስል ዘፋኙን ያስፈረመውን፣ ቀረጻውን ያሠራውንና በሸክላው ላይ ስሙ የሚታየውን ድርጅት ማለቴ ነው። «አታሚ» ስል ደግሞ ፕላስቲኩን በማሽን የሚያትመውን ፋብሪካ ነው። በዘመኑ ትልልቆቹ ድርጅቶች፣ አርሲኤ ቪክተርና ኮሎምቢያን የመሳሰሉት፣ አሳታሚም አታሚም አከፋፋይም ነበሩ። በመቶዎች የሚቆጠሩት ትንንሾቹ ግን አሳታሚ ብቻ ነበሩ፤ ማሽንም መጋዘንም አልነበራቸውም። የዛሬው ንግግር በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

እኛ ሁሉንም «ሸክላ» እንላለን። ስሙ በእውነት የሚስማማው ለቀድሞው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞረው ዲስክ ነው፤ ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና ይሰበር ነበርና። ያ ዲስክ ይሠራ የነበረው በአብዛኛው ከህንድ ይመጣ ከነበረ ሼላክ ከሚባል ሙጫ መሰል ነገር ነው፤ ሼላክ ላክ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ዛፍ ላይ የምትተወው ፈሳሽ ነው። ሙጫው ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ይታተማል። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት የጦርነት ምርት ቦርድ ሼላክ ለጦር ሠራዊቱ እንዲቆይ በማለት ሸክላ አታሚዎች የሚጠቀሙበትን መጠን በ70 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። ሰዎች አሮጌ ሸክላ እያመጡ አዲስ እንዲገዙ እስከመጠየቅ ተደረሰ። ቪኒል የተባለው ፕላስቲክ ቀድሞም የታወቀ ቢሆንም፣ ለሰፊው ገበያ እንዲበቃ መንገዱን የጠረገለት ይህ የጦርነት ችግር ይመስለኛል።

በጁን 1948 ኮሎምቢያ በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ ለሕዝብ አቀረበ። አርሲኤ ቪክተር የተቀናቃኙን ፈጠራ ከመቀበል ይልቅ በማርች 1949 የራሱን አወጣ፤ ስፋቱ 7 ኢንች፣ ፍጥነቱ 45 ዙር፣ መካከሉ ላይ 1 ኢንች ተኩል የሚሆን ትልቅ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሸክላ። ቀዳዳው ለጌጥ አልተሰፋም። አርሲኤ አብሮ የሸጠው ማጫወቻ ሸክላዎቹን በአንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ ደርቦ አንድ በአንድ በፍጥነት የሚጥል ነበርና፣ መሣሪያው የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነበር። መሐሉም ከዳሩ ከፍ ብሎ የተሠራው አንዱ በሌላው ላይ ሲወድቅ ቦዮቹ እንዳይፋተጉ ነው። አንድ የድሮ ባለ 10 ኢንች ሸክላ ወደ 200 ግራም ሲመዝን ይህ 40 ግራም ገደማ ነበር፤ ሲወድቅም አይሰበርም። ለአድማጩ ይህ ምቾት ነው። በፖስታና በአውቶቡስ ዕቃ ለሚልክ ትንሽ አሳታሚ ግን የህልውና ጉዳይ ነበር።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። አርሲኤ መጀመሪያ ላይ ፕላስቲኩን እንደ ሙዚቃው ዓይነት ቀለም ቀባው፤ ለገጠሩ የነጮች ሙዚቃ አረንጓዴ፣ ለክላሲክ ቀይ፣ ለሕፃናት ቢጫ፣ የጥቁሮች ይባል ለነበረው ሪትም ኤንድ ብሉዝ ብርቱካናማ። በዚያ ብርቱካናማ ፕላስቲክ ከታተሙት ዘፈኖች አንዱ የአርተር ክሩደፕ «ዛትስ ኦል ራይት» ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በጁላይ 1954፣ ፕሪስሊ በሰን ሬከርድስ የመጀመሪያ ሸክላው አድርጎ የዘፈነው ይህንኑ ዘፈን ነበር። አርሲኤ ለጥቁር ገዢ ብቻ ብሎ በቀለም ለይቶ ያተመው ዘፈን ባለቤት ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ ዘፈን በነጭ ወጣት ድምፅ ለማግኘት ሲል በ1955 35,000 ዶላር ከፈለ ማለት ነው። ክሩደፕ ራሱ ከዘፈኑ ያገኘው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበር።

ወደ ፋብሪካው እንግባ። የምህንድስና ተማሪዎች ዛሬ ስለመጡልኝ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በማግኔት ቴፕ የተቀረጸው ድምፅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መቅረጫ ማሽን ነው። በማሽኑ ላይ ናይትሮሴሉሎስ ላከር የተቀባ የአሉሚኒየም ዲስክ ይዞራል፤ የሰንፔር መርፌ ድምፁን ተከትሎ እየተንቀጠቀጠ ቦይ ይቆርጣል። ሠራተኛው ቦዩን በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ቦዩ በጣም ሰፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ከተገናኘ የማጫወቻው መርፌ ይዘላል፤ በጣም ከጠበበ ደግሞ ድምፁ ይደክማል፣ ድምፁ የደከመ ሸክላ ደግሞ ቡና ቤት ውስጥ ካለ ጁክ ቦክስ አይሰማም። ስለዚህ ቀራጩ የእጅ ጥበብ ባለሙያ ነበር፤ ስሙ ግን በሸክላው ላይ አይጻፍም።

ያ ለስላሳ ዲስክ ቢጫወቱበት ቶሎ ስለሚያልቅ ወደ ብረት መገልበጥ አለበት። ታጥቦ የብር ውሕድ ይረጭበታል፤ ብር ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ዲስኩ በኒኬል መፍትሔ ውስጥ ተነክሮ ይለበጣል። ልባጩ ሲላቀቅ የዲስኩ ግልባጭ ይሆናል፤ ቦይ በነበረበት ቦታ ሸንተረር ይቆማል። ይህ ማስተር ይባላል። በዚህ በቀጥታ ማተም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አንድ ብቻ ነውና ከተበላሸ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ማስተሩ እንደገና ይለበጥና «እናት» የተባለችው ትወለዳለች፤ እናቲቱ ባለ ቦይ ስለሆነች ብረት ብትሆንም በመርፌ ተጫውታ ልትፈተሽ ትችላለች። ከእናቲቱ በሌላ ልባጥ ስታምፐር የተባለው ማተሚያ ቅርጽ ይወጣል። ፕላስቲኩን የሚነካው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው። ከአንድ እናት ብዙ ስታምፐር ማውጣት ይቻላል። አንዱ ስታምፐር ግን አንድ ሺህ ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ሸክላ አትሞ ይዝላል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ማተሚያው ሁለት ከባድ የብረት መንጋጋዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ስታምፐር። ሠራተኛው የሁለቱን ገጾች ክብ ወረቀቶች ከላይና ከታች ያኖራል፤ በመካከላቸው እንደ ሊጥ የለሰለሰ ትኩስ የቪኒል ጉብታ ያስቀምጣል። መንጋጋው ሲዘጋ በውስጡ ባሉ ቱቦዎች እንፋሎት ይሮጣል፣ ቪኒሉ ቀልጦ ቦዮቹን ይሞላል፤ ወዲያው በዚያው ቱቦ ቀዝቃዛ ውኃ ይገባና ያጠነክረዋል። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ወረቀቱ በሙጫ አይለጠፍም፤ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ ይታተማል። ቀደም ብሎ በምድጃ ካልደረቀም እርጥበቱ በሙቀቱ ይፈላና ሸክላውን ያሳብጠዋል። ከጠርዙ የተረፈው ትርፍራፊ ይቆረጣል፤ መሐሉ ይበሳል፤ የተቆረጠው ሁሉ እንደገና ተፈጭቶ ከአዲሱ ቪኒል ጋር ይደባለቃል። ሳይሸጥ የተመለሰ ሸክላም እንዲሁ ይፈጭ ነበር። በአንዳንድ የዘመኑ ሸክላዎች ላይ የምንሰማው ፍጥጫ የሌላ፣ ያልተሳካለት ዘፋኝ የወረቀት ብጣሽ ያለበት ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ቪኒል ነበር ማለት ግን አይደለም። ኮሎምቢያና የሎስ አንጀለሱ ሞናርክ ፋብሪካ ብዙ ነጠላ ሸክላዎቻቸውን ያወጡት ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ አቅልጠው ወደ ቅርጽ በማስገባት ነው። ሥራው ፈጣን ነው፣ የሚቆረጥ ትርፍራፊም የለውም። ነገር ግን በከባድ መርፌ ጥቂት ጊዜ ሲጫወት ድምፁ ይሻክራል። አንድ ዘፈን ለሦስት ወር ከተሸጠ በቂ ነው ብሎ ለሚያስብ ነጋዴ ይህ ጉድለት አልነበረም። ለእኛ፣ ከ70 ዓመት በኋላ ለማድመጥ ለምንፈልገው፣ ነው።

እንግዲህ ወደ ሜምፊስ። በ1949 ሮበርት ዊልያምስ፣ ሁሉም «በስተር» የሚለው ነጋዴ፣ በቼልሲ አቬኑ ላይ ፕላስቲክ ፕሮዳክትስ የተባለ ፋብሪካ ከፈተ። ሕንፃው ከጦርነቱ የተረፉ የሚመስሉ፣ ጣሪያቸው እንደ ግማሽ በርሜል የጎበጠ የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ። ከዚህ የቆርቆሮ ቤት የወጣው ሸክላ ዝርዝር የአንድ ዘመን የሙዚቃ ታሪክ ነው፤ ሰን፣ የቺካጎው ቼስ፣ የኒው ዮርኩ አትላንቲክ፣ በኋላም ስታክስ። ከዚህ ቀደም የደቡብ ትንሽ አሳታሚ ሸክላውን ለማሳተም ወደ ሰሜን ወይም ወደ ካሊፎርኒያ መላክ ነበረበት። አሁን ሳም ፊሊፕስ በዩኒየን አቬኑ ቁጥር 706 ካለችው ጠባብ ስቱዲዮው ተነሥቶ በዚያው ከተማ ውስጥ አታሚ አገኘ። ዊልያምስ ከዚህም ሌላ ሚዩዚክ ሴልስ የተባለ አከፋፋይ ድርጅት ነበረው። ማለትም አንድ ሰው ሸክላውን ሲያትም ከአሳታሚው ገንዘብ ይቀበላል፤ ሲያከፋፍል ደግሞ ለዚያው አሳታሚ ገንዘብ ይከፍላል። ለትንንሾቹ በዱቤ ማተሙ በጎ አድራጎት ብቻ አልነበረም፤ የሚያተምለት ሸክላ ማን ዘንድ ምን ያህል እንደሚሸጥ ከማንም በፊት ያውቅ ነበር። የባንክ ሠራተኛ የማያውቀውን እርሱ ያውቃል።

አንድ ዘፈን ከሜምፊስ አልፎ ሲወደድ ግን የሜምፊስ ፋብሪካ ብቻውን አይበቃም። ለሎስ አንጀለስ ገዢ ከሜምፊስ ጭነት መላክ ውድ ነው፣ ይዘገያልም። ስለዚህ ስታምፐሮች በሣጥን ታሽገው ወደ ሞናርክ ይላካሉ፤ ዘፈኑ እዚያ ይታተማል። ሰብሳቢዎች ዛሬም በዚህ ይለያሉ። በሜምፊስ የታተመ የሰን ሸክላ ወረቀቱ ላይ ክብ የግፊት ምልክቶች ይታዩበታል፤ የሞናርኩ ደግሞ በመጨረሻው ባዶ ክበብ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ቁጥር ተጭሮበታል። ተመሳሳይ ዘፈን፣ ተመሳሳይ ወረቀት፣ ሁለት ፋብሪካ።

አሁን ሥርጭቱ። ትልልቆቹ ድርጅቶች በየከተማው የራሳቸው ቅርንጫፍ ነበራቸው። ትንንሾቹ ግን በየክልሉ ነጻ አከፋፋይ ይፈልጋሉ፤ ለክሊቭላንድ አንዱን፣ ለአትላንታ ሌላውን፣ ለዳላስ ሦስተኛውን። አከፋፋዩ የብዙ አሳታሚዎችን ሸክላ በአንድ መጋዘን ይይዛል፤ ለሱቆችና ለጁክ ቦክስ ባለቤቶች ይሸጣል። ከእርሱ በታች ደግሞ የሁሉንም አሳታሚ ሸክላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ በተለይ ለጁክ ቦክስ ሰዎች የሚያቀርብ አነስተኛ ጅምላ ሻጭ ነበር። ሊዮናርድ ቼስ ሸክላ በመኪናው ኮፈን ጭኖ በየከተማው ይዞር ነበር፤ ፊሊፕስም በደቡብ መንገዶች ላይ ብዙ ሺህ ማይል ነድቷል። ይህን እንደ ጀግንነት ተረት ማንበብ ይቀናናል። የዕዳ ሰብሳቢ ጉዞም ነበር።

ስለ ጁክ ቦክስ አንድ ቃል ልጨምር። የሲበርግ ኩባንያ በ1950 ባለ 45 ዙር ሸክላ የሚያጫውት፣ መቶ ዘፈን የሚያስመርጥ ማሽን አወጣ፤ ትንሹ ሸክላ የመጠጥ ቤቱን ገበያ የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። የማሽኑ ባለቤት ሸክላውን በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፣ ሲያልቅበትም ይተካል። በ1909 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ ደግሞ በሳንቲም የሚሠሩ ማሽኖችን ከክፍያ ነጻ አድርጓቸው ስለነበር፣ አንድ ዘፈን በጁክ ቦክስ አሥር ሺህ ጊዜ ቢጫወት ደራሲው ከጨዋታው ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ይህ የተለወጠው በ1976 በወጣው ሕግ ነው። ደራሲው የሚያገኘው ከሚታተመው ሸክላ ብቻ ነበር፤ ሕጉ የወሰነለት በአንድ ገጽ 2 ሳንቲም።

እዚህ ላይ ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹን የወሰድኩት ለማስረዳት እንዲመቹ ነው። ሸክላው በሱቅ 89 ሳንቲም ይሸጣል እንበል፤ ይህ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተለመደ ዋጋ ነበር። አሳታሚው ለአከፋፋዩ በ40 ሳንቲም ይሰጣል፤ ለማሳተም፣ ለወረቀትና ለጭነት 20 ሳንቲም ያወጣል። አንድ ሺህ ሸክላ ቢያሳትም 200 ዶላር ነው፤ ከኪሱም ቢሆን ይችለዋል። ዘፈኑ ተወደደና የመቶ ሺህ ትእዛዝ መጣ። አሁን 20,000 ዶላር ያስፈልጋል። አንድ ስታምፐር አንድ ሺህ ገደማ አትሞ እንደሚዝል አስታውሱ፤ መቶ ሺህ ሸክላ ለእያንዳንዱ ገጽ ወደ መቶ የሚጠጋ ስታምፐር ይጠይቃል፣ ይህም በሒሳቡ ላይ ይጨመራል። አታሚው በ30 ቀን ይከፈለኝ ይላል። አከፋፋዩ ከ60 ቀን፣ ከ90 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ይከፍላል። አሳታሚው በወረቀት ላይ 40,000 ዶላር አለው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ። ዘፈኑ በይበልጥ በተወደደ ቁጥር በሰማይ ያለችው ላም ትሰባለች፣ በምድር ያለው ዕዳ ደግሞ ይከብዳል።

አከፋፋዩን ጨካኝ አድርጌ ማቅረብ አልሻም፤ እርሱም ለሱቆቹ በዱቤ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን በእጁ አንድ ጉልበት ነበረው። ያልተሸጠውን ሸክላ የመመለስ መብት ስለነበረው፣ ክፍያ ሲጠየቅ በገንዘብ ፈንታ ሸክላ ሊመልስ ይችላል። ለአሳታሚው የቀረው ብቸኛ መያዣ የሚቀጥለው ተወዳጅ ዘፈን ነው፤ «የፊተኛውን ክፈልና አዲሱን ልላክልህ» ማለት። የሚቀጥል ዘፈን የሌለው አሳታሚ የፊተኛውንም ገንዘብ አያይም። ያንድ ዘፈን ዘፋኞች የምንላቸው ብዙዎቹ ተሰጥኦ አልቆባቸው ሳይሆን፣ አሳታሚያቸው በዚህ ክፍተት ውስጥ ወድቆ ይመስለኛል።

ፊሊፕስን አሁን መልሰን እንየው። በጁላይ 1954 የዚያው ከተማ የራዲዮ ሰው ዴዊ ፊሊፕስ፣ ዝምድና የላቸውም፣ ገና ከመታተሙ በፊት የ«ዛትስ ኦል ራይት»ን የላከር ቅጂ በአየር ላይ አጫወተ። ሕዝቡ የወደደው ገና በሱቅ የሌለ ሸክላ ነበር። ሰን በ16 ወራት ውስጥ የፕሪስሊን አምስት ነጠላ ሸክላዎች አወጣ፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው ይበልጥ ገንዘብ ጠየቀ። ፊሊፕስ ቀድሞም በ1953 ባወጣው «ቤር ካት» የተባለ ዘፈን በቅጂ መብት ተከስሶ ተረትቷል። ለወንድሙም ዕዳ ነበረበት። ፕሪስሊን ቢይዘው ኖሮ በመላ አገሪቱ የሚፈለገውን ያህል ሸክላ ለማሳተም የሚያስፈልገው ገንዘብ አልነበረውም፤ የነበረው በአከፋፋዮች መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። በ35,000 ዶላሩ ዕዳውን ከፍሎ በጃንዋሪ 1956 የካርል ፐርኪንስን «ብሉ ስዌድ ሹዝ» አወጣ፤ ሸክላው ከሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ማሳተሚያው ገንዘብ በእጁ ነበርና። በዚያው ወር አርሲኤ በራሱ ፋብሪካዎች የፕሪስሊን «ሃርትብሬክ ሆቴል» አወጣ። ሁለቱ ሸክላዎች በአንድ ወቅት በገበያው አናት ላይ ተፎካከሩ። ኤሳው በዚያ ወር ረሃብተኛ አልነበረም።

ሌላ መፍትሔ የሞከረ ሰው ነበር። በሲንሲናቲ ሲድ ናታን በ1943 ያቋቋመው ኪንግ ሬከርድስ ሁሉንም በብሩስተር አቬኑ ባለው ሕንፃው ሰበሰበ፤ መቅረጫ፣ መለበጫ፣ ማተሚያ፣ የወረቀትና የሽፋን ማተሚያ፣ ማሸጊያ። በተለያዩ ከተሞች የራሱን የማከፋፈያ ቅርንጫፎች ከፈተ። ስለዚህ በዱቤ ሰንሰለቱ ላይ ያለው ክፍተት ጠበበ፤ በቀን ጥቂት መቶ ቅጂ ብቻ የሚፈለግ ከሆነም ያንኑ ማተም ይችላል። ጥቁሩ የሙዚቃ አዘጋጅ ሄንሪ ግሎቨር ከፍተኛ ሥልጣን የያዘበት፣ ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር የሠሩበት ድርጅት መሆኑም በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ናታን ግን በባሕርዩ ቁጡና ቆጣቢ ነበር፤ ዘፋኞቹ ሁሉ ያመሰግኑት ነበር ማለት አልችልም።

አሁን የቀረው ራዲዮ ነው። አከፋፋዩ መጋዘን ውስጥ የተቆለለውን ሸክላ የሚያንቀሳቅሰው የራዲዮ አጫዋቹ ብቻ ነበር። ገንዘብ ያጣ አሳታሚ ለአጫዋቹ የሚሰጠው ሲያጣ የዘፈኑን ድርሻ ይሰጣል። የቸክ ቤሪ «ሜይቤሊን» በ1955 በቼስ ሲወጣ ታዋቂው የራዲዮ ሰው አለን ፍሪድ ከደራሲዎቹ አንዱ ተብሎ ተመዘገበ። አንድ ቃል አልጻፈም። የአየር ሰዓት በ2 ሳንቲሙ ድርሻ ተገዛ ማለት ነው። በ1959 እና በ1960 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ይህን ጉቦ መረመረ። ፍሪድ ሥራውን አጣ፤ በ1962 ጥፋተኛነቱን አምኖ 300 ዶላር ተቀጣ። በቴሌቪዥን «አሜሪካን ባንድስታንድ»ን ያቀርብ የነበረው ዲክ ክላርክ ግን በሙዚቃ አሳታሚዎችና ማላርድ በተባለ የፊላደልፊያ ሸክላ ማተሚያ ውስጥ ድርሻ እንደነበረው ቢገለጽም፣ ድርሻዎቹን ሸጦ ሥራውን ቀጠለ። የምርመራው መዝገብ ለእኔ ትርጉም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ጋዜጦች በጥሬው ገንዘብ ላይ አተኮሩ፤ አንድ አቅራቢ የሚያስተዋውቀው ሸክላ በታተመ ቁጥር ከማተሚያው እንፋሎት የሚጠቀም መሆኑ ግን ብዙም አላስገረማቸውም።

የዚህ ሥርዓት ከባዱ ምሳሌ ቪ-ጄይ ነው። ቪቪያን ካርተርና ጄምስ ብራከን፣ ጥቁር ባልና ሚስት፣ በ1953 ኢንዲያና ውስጥ በጌሪ ከተማ አቋቋሙት፤ ቆይቶም ወደ ቺካጎ ተዛወረ። በ1962 የፎር ሲዝንስን «ሼሪ» አወጡ። በፌብሩዋሪ 1963፣ ትልቁ ካፒቶል እምቢ ብሎ ሳለ፣ ቢትልስን ለአሜሪካ ያቀረቡት እነርሱ ነበሩ። በ1964 መላው አገር ቢትልስን ሲፈልግ ቪ-ጄይ በታሪኩ ያላየውን ያህል ሸክላ አሳተመ። በ1966 ከሰረ። የአስተዳደር ጉድለትና የፍርድ ቤት ክርክር ነበረበት፣ አልክድም። ነገር ግን በዓለም እጅግ የሚፈለገውን ሸክላ የያዘ ድርጅት በሁለት ዓመት ውስጥ ሲጠፋ፣ ከሥራ አስኪያጆቹ ጠባይ በፊት የአታሚውን የሒሳብ ቀንና የአከፋፋዩን የሒሳብ ቀን ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ።

ተመራቂ ተማሪዎች ስለ ጥናት ጽሑፍ ርእስ ስለምትጠይቁኝ አንድ ጥቆማ ላክል። ይህን መሰል ጥናት የአሜሪካኖቹ ብቻ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም የመረጠው ይህንኑ ባለ 45 ዙር ሸክላ ነው፤ የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቼልሲ አቬኑ አልነበረም። ቴፑ መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ ተልኮ ታትሞ መመለስ ነበረበት። ከቴፕ እስከ ሸክላ ያለው ጊዜ በባሕርና በጉምሩክ ይለካ ነበር ማለት ነው። ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ በዚህ መንገድ እንዴት እንደወጣ፣ ገንዘቡን በመካከሉ ማን እንደያዘው፣ ስንት ቅጂ በአንድ ጊዜ እንደታዘዘ፣ ይህ በድምፁ ላይ ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር ያልተነካ መስክ ነው። በቤታችሁ ሸክላ ካለ ወረቀቱን ብቻ አትመልከቱ። ቦዩ ካለቀበት በኋላ ያለውን ጠባብ ባዶ ክበብ በመብራት ፊት አዘንብላችሁ እዩት፤ በእጅ የተጫሩት ፊደሎችና ቁጥሮች የቀራጩና የአታሚው ናቸው። ከእነርሱ ዝርዝር ያዙ፣ ፎቶ አንሡ፣ ለቤተ መጻሕፍታችንም አንድ ቅጂ ስጡ።